መስመር የረገጠ ወጥቷል



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። «የልጆች ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?» አትበሉ። ልጆች በሜዳ ሲጣሉ «ዳኙን» ብለው ወደ እናንተ ይመጣሉ። ዳኛ ደግሞ ሕግ ማወቅ አለበት።

ጠቡ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይነሣል። አንዱ «ወጥተሃል!» ይላል። ሌላው «አልወጣሁም!» ይላል። እውነቱ የማን ነው?

ሜዳው 28 ሜትር ይረዝማል፤ 15 ሜትር ይሰፋል። ዙሪያውን መስመር አለው። በእግር ኳስ መስመሩ የሜዳው ነው። በቅርጫት ኳስ ግን መስመሩ ከሜዳው ውጭ ይቆጠራል። ኳስ የያዘ ሰው በጫማው ጫፍ መስመሩን ከነካ፣ ወጥቷል። ኳሷ ለተቃራኒው ቡድን ትሰጣለች።

እጁ በመስመሩ በላይ በአየር ቢያልፍስ? አልወጣም። በሰሊጥ ማሳችሁ ዳር የቆመ በሬ አንገቱን ወደ ጎረቤት ቢያሰግግ ድንበር ረገጠ አይባልም። ሰኮናው ሲያርፍ ግን ረገጠ ይባላል። ዳኛም የሚያየው እግሩን ነው።

ቢዘልስ? በአየር ላይ ያለ ተጫዋች የሚቆጠረው መጨረሻ በረገጠው ቦታ ነው። ከሜዳው ውስጥ ተነሥቶ ይዘላል እንበል። ወደ ውጭ የምትሄደውን ኳስ ይይዛል። መሬት ሳይረግጥም ወደ ውስጥ ይመልሳታል። ይህ ጥፋት አይደለም። ከውጭ ተነሥቶ ዘሎ ከነካት ግን ኳሷ ወጥታለች።

ኳስ ሳይዝ የሚወጣም አለ። ሮጦ መቆም አቅቶት የወጣ ጥፋተኛ አይደለም፤ ቶሎ ይመለስ። ተከላካዩን ለማምለጥ ሆን ብሎ በውጭ በኩል የሚዞር ግን ያታልላል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቀድሞ ሕግ ይህ ጥፋት ነበር፤ ኳሷን ያስነጥቅ ነበር። እንግዲህ ዳኛ ሁለት ነገር ይጠይቅ። እግሩ የት ነበር? ለምንስ ወጣ?

ይህን ጨዋታ የጀመረው ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1891፣ አገሩ አሜሪካ ነው። 13 ሕጎች ጽፎ በግድግዳ ለጠፈ። በዚያ ሕግ የወጣችውን ኳስ ቀድሞ የነካት ሰው ይወረውራት ነበር። ተጫዋቾች እየተጋፉ ይሻሙባት ጀመር። ኋላ ሕጉ ተለወጠ። መጨረሻ የነካት ሰው ቡድን ያጣታል ተባለ። ግፊያውም ቀረ። አያችሁ፣ ሕግ የተጻፈ ከሆነ ሁሉም ያነበዋል፤ ጉድለቱንም አይቶ ያርመዋል።

በመተማ፣ በገንዳ ውሃና በቋራ ቆላ ሁሉም ሜዳ ሲሚንቶ አይደለም። በዋልካ አፈር ላይ በአመድ የተሰመረ መስመር ቶሎ ይጠፋል። የጠፋ መስመር ጠብ ይጠራል። ስለዚህ ጨዋታ ሳይጀመር መስመሩን አድሱት። መተማ የድንበር ከተማ ናት። አማርኛ ተናጋሪና ዐረብኛ ተናጋሪ አብረው ቢጫወቱ፣ መስመሩ በግልጽ ከታየ ሁለቱም ይግባባሉ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው።

መስመር የረገጠ ወጥቷል።
በአየር ያለ መጨረሻ በረገጠው ይቆጠራል።
ሆን ብሎ በውጭ የዞረ አታሏል።

በርቱ። ደኅና ሁኑ።