ኢዘር፦ የጦርነትና የጥበብ መንገድ በብስክሌት

በምዕራብ ቤልጂየም፣ ከባሕር ዳርቿ ኒውፖርት እስከ ዲክስሙይደ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የብስክሌት መንገድ አለ። ግራ ቀኙ ከብት የሚግጥበት ለጥ ያለ ሜዳ ሲሆን፣ መንገዱ ብቻ ከሜዳው ጥቂት ከፍ ይላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቤልጂየምን ሠራዊት ከመጥለቅለቅ ያተረፈችው ይህች ትንሽ ከፍታ ነች።

መንገዱ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1914 የጀርመን ጦር አብዛኛውን ቤልጂየም ይዞ ሲገፋ፣ የአገሪቱ ንጉሥ የአልበርት ሠራዊት ከሐዲዱ ጀርባ መሸገ። ከሐዲዱ ሥር ያሉት የውሃ መተላለፊያዎች ተደፈኑ። የኒውፖርት የውሃ በሮች ባሕሩ ሲሞላ እየተከፈቱ፣ ሲጎድል እየተዘጉ በኢዘር ወንዝና በሐዲዱ መካከል ያለው ሜዳ በውሃ ተሸፈነ። ግስጋሴው ተገታ፤ ግንባሩም እዚያው አራት ዓመት ያህል ቆየ።

የዛሬውን የብስክሌት ጉዞ ያቀለለው እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጂየሟ ሊምበርግ የተጀመረው አሠራር ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የማዕድን መሐንዲሱ ሁጎ ቦለን ነበር። መስቀለኛ መንገዶች ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ ተጓዡ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በየምልክቱ መከተል ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ምሽጉን፣ ሙዚየሙንና መቃብሩን እንደፈለገው አያይዞ የራሱን መስመር ማውጣት ይችላል።

ከዲክስሙይደ ብዙም ሳይርቅ፣ ቭላድስሎ ላይ፣ ከ25,000 በላይ ጀርመናውያን ወታደሮች ተቀብረዋል። አንዱ የጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራፂ ኬተ ኮልቪትስ ልጅ ፔተር ነው። በፈቃዱ ልዝመት ሲል ገና 18 ዓመቱ ነበርና የአባቱ ፈቃድ አስፈለገው። አባትየው ቢያንገራግርም እናት ተማጽና አስፈቀደች። ልጁ በዚያው ኦክቶበር ወደቀ። እናት እ.ኤ.አ. በ1932 ያቆመችው ሐውልት ሁለት ተንበርካኪ ወላጆችን ያሳያል፤ አባት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ፊት ለፊት ያያል፣ እናት አንገቷን ደፍታለች። የፊታቸው መልክ የራሷና የባለቤቷ ነው። ሐውልቱ ከመጀመሪያው ቦታው ተነሥቶ ወደ ቭላድስሎ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከመቃብሮቹ ጋር ነው።

እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች የዓለም ቅርስ መሆን ይገባቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ለዓመታት አከራክሯል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ውሳኔውን አሳደረ፤ ጥርጣሬው የቅርብ ዘመን ግጭት መታሰቢያዎች ለመዝገቡ ይመጥናሉ ወይ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን በቤልጂየምና በፈረንሳይ የሚገኙ 139 ሥፍራዎችን መዘገበ፤ በመካከላቸው የቀድሞ ባላንጣዎች መቃብሮች አብረው አሉ።

የብስክሌት መስመሮቹም መመዘን ያለባቸው በዚሁ ነው። ከሐዲዱ ምሽግ ተነሥቶ የራስን ጀግና ብቻ አስጎብኝቶ የሚመለስ መንገድ የድል ሰልፍ ነው። ቭላድስሎን የጨመረ መስመር ግን ሐዲዱን ሲያጠቁ የወደቁትም የሚያለቅስላቸው ወላጅ እንደነበራቸው ያሳያል። መንገድ ጠቋሚዎቹን የሚተክሉ አስተዳደሮች ከጎብኚ ብዛት ይልቅ ይህን ቢያስቀድሙ፣ የሚወጣው ገንዘብ ለቁም ነገር ዋለ ማለት ይቻላል።