ከወሊድ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚከሰት የቁስል ኢንፌክሽን

ከወሊድ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚከሰት የቁስል ኢንፌክሽን በኦፕራሲዮን በወለደች እናት ቁስል ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሲራባ የሚፈጠር ሕመም ነው። ከቀዶ ጥገናው ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ የታየ ኢንፌክሽን በዚህ ስም ይመዘገባል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እናትየዋ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው፤ መነሻው ግን በአብዛኛው ከቀዶ ጥገናው በፊት ወይም በዚያው ሰዓት ነው።

ዓይነቶች

እንደ ጥልቀቱ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በቆዳና ከቆዳ ሥር ባለው ሥጋ ላይ የሚቆይ ነው። ሁለተኛው እስከ ጡንቻና የጡንቻ ሽፋን ይዘልቃል። ሦስተኛው ማኅፀንን ወይም የሆድ ዕቃን የሚያጠቃ ሲሆን ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው። ባክቴሪያው ከእናቲቱ ቆዳ፣ ከብልት አካባቢ ወይም በደንብ ካልታጠበ እጅና ካልተቀቀለ መሣሪያ ሊመጣ ይችላል።

አጋላጭ ሁኔታዎች

* የተራዘመ ምጥ
* የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ብዙ ሰዓት መቆየት
* በምጥ ጊዜ የማኅፀን በርን ደጋግሞ በእጅ መመርመር
* በድንገትና በጥድፊያ የሚደረግ ቀዶ ጥገና
* ረጅም ሰዓት የወሰደ ቀዶ ጥገናና ብዙ ደም መፍሰስ
* የደም ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከም

በሰሜን ወሎ

ከእነዚህ ሁኔታዎች ብዙዎቹ ከጊዜና ከመንገድ ጋር የተያያዙ ናቸው። በሐብሩ ወረዳ በመርሳ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የምትኖር እናት ምጥ ሲጠናባት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያ በመደበኛነት ቀዶ ጥገና ስለማይሰጥ፣ ካስፈለጋት እንደ ወልድያ ወዳለ ሆስፒታል ትላካለች። ውሳኔው ሲዘገይ፣ አምቡላንስ ሲጠፋ ወይም ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው ምጡ ይራዘማል፤ የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰም ባክቴሪያ ወደ ማኅፀን የሚወጣበት ጊዜ ያገኛል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን በያዘበት ጊዜ በዞኑ ያሉ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። የመሣሪያ መቀቀያ፣ ውሃ፣ መብራትና መድኃኒት በሌለበት ንጹሕ ቀዶ ጥገና ማድረግ አይቻልም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ በቀዶ ጥገና የተገላገሉት ወሊዶች 2 ከመቶ ያህል ነበሩ። ቀዶ ጥገናው በቀላሉ በማይገኝበት አገር ወደዚያ የሚደርሱት ብዙዎቹ ምጥ የጸናባቸው እናቶች በመሆናቸው ለኢንፌክሽን ይበልጥ ይጋለጣሉ።

መከላከያ

ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ በማድረግ የአራስ ትኩሳትን ሞት በእጅጉ ቀንሷል። ዛሬም የመከላከሉ መሠረት የእጅ ንጽሕና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በተጨማሪ የሚከተሉትን ይመክራል።

* አንቲባዮቲክ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት መስጠት
* ፀጉርን በምላጭ አለመላጨት፤ ግድ ከሆነ በመቁረጫ ማሳጠር
* ቆዳውን አልኮል ባለው ክሎርሄክሲዲን ማጽዳት
* ከቀዶ ጥገናው በፊት ብልትን በፖቪዶን አዮዲን ማጽዳት

ቀዶ ጥገናው ያለ ችግር ካለቀ በኋላ አንቲባዮቲክን ለቀናት መቀጠል ተጨማሪ ጥቅም የለውም፤ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ እንዲስፋፋም ያግዛል።

ምልክቶችና ሕክምና

የቁስሉ መቅላት፣ ማበጥና መጋል፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ የስፌቱ መከፈት፣ ትኩሳት፣ እንዲሁም ተሽሎ የነበረ ሕመም እንደገና መባስ ዋና ምልክቶች ናቸው። የእንብርት በታች ሕመምና የሚሸት የማኅፀን ፈሳሽ ኢንፌክሽኑ ማኅፀን መድረሱን ሊያመለክት ይችላል።

አራስ ከቤት ስለማትወጣ ቁስሉን ቀድመው የሚያዩት ቤተሰቦቿና ለጥየቃ የሚመጡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር አይቀባበትም። ከምልክቶቹ አንዱ ከታየ የአራስነቱ ጊዜ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በሕክምና ተቋም መግል የያዘው ቁስል ተከፍቶ ይታጠባል፣ በየጊዜው ይታሸጋል፤ እንደ ሁኔታውም አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ጥልቅ ከሆነ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። ሳይታከም ከቆየ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ እናቲቱን ሊገድል ይችላል።