የፈረስ ግልቢያ ለአካል ጉዳተኞች፡ ጥቅሙ፣ ቅድመ ሁኔታውና ጥንቃቄው

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፈረስ ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። ጋሪ ይጎትታል፣ በበዓላት ይሸለማል፤ ከሱሉልታ በሚዋሰነው እንጦጦም ጎብኚዎች ይጋልቡታል። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ግን ፈረስ ለልጃቸው አደጋ ብቻ እንደሆነ ሊያስቡ ይችላሉ። በሌላ በኩል፣ ያለ ምርመራና ያለ ረዳት ልጅን ፈረስ ላይ ማስቀመጥ ለከፋ ጉዳት ሊዳርግ ይችላል። ስለሆነም ጥቅሙንና ገደቡን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

እንዴት ይጠቅማል?

ፈረስ ዝግ ብሎ ሲራመድ ጀርባው የጋላቢውን ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ያንቀሳቅሳል። ይህ እንቅስቃሴ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚያደርገው ጋር ይመሳሰላል። ጋላቢው ላለመውደቅ ሚዛኑን ሲጠብቅ የሆድና የጀርባ ጡንቻዎቹ ይሠራሉ፤ የእንስሳው ሙቀትም የተወጠሩ ጡንቻዎችን ለማላላት ያግዛል። በተለይ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሕፃናት ቀጥ ብሎ የመቀመጥና ሚዛን የመጠበቅ አቅማቸው ሊሻሻል ይችላል። ሆኖም ግልቢያ ፊዚዮቴራፒን ይደግፋል እንጂ አይተካም፤ ጉዳቱንም አያድንም።

በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች ሽባ የሆነችው ዴንማርካዊት ሊዝ ሃርቴል እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ስፖርት የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። የፈረስ ስፖርት ከ1996 የአትላንታ ጨዋታዎች ጀምሮ በፓራሊምፒክ ይካሄዳል።

አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያለባቸው

ማንኛውም አካል ጉዳተኛ ከመጋለቡ በፊት የሕክምና ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። በተለይ የሚከተሉት ሁኔታዎች ያሉበት ሰው ሐኪም ሳይፈቅድ መጋለብ የለበትም፦

• በመድኃኒት ያልተቆጣጠሩት የሚጥል ሕመም፤
• የዳሌ መውለቅ፣ የአከርካሪ አለመረጋጋት ወይም የአጥንት መሳሳት፤
• በመቀመጫ አካባቢ ያለ ቁስል፤
• ዳውን ሲንድረም (የላይኛው የአንገት አጥንት መላላት እንደሌለ መረጋገጥ አለበት)።

ስለ ፈረሱና ስለ ረዳቶቹ

ፈረሱ ጤነኛ፣ ረጋ ያለና ለዚሁ የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ለጋሪ ሲያገለግል የዋለ ፈረስ ለዚህ አይመረጥም። የጋላቢውና የኮርቻው ክብደት ከፈረሱ ክብደት ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይመከራል፤ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በድምሩ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ መሸከም የለበትም ማለት ነው። አንድ ሰው ፈረሱን ይመራል፤ እንደ ጋላቢው ሁኔታ አንድ ወይም ሁለት ረዳቶች ጎን ለጎን ይራመዳሉ። የራስ ቁር ግዴታ ነው። ጋላቢውን በገመድ ከኮርቻ ጋር ማሰር ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ፈረሱ ቢወድቅ ሰውየው ከሥሩ ይቀራልና። ዓይነ ስውር ጋላቢ ከመውጣቱ በፊት ፈረሱን በእጁ ዳስሶ እንዲተዋወቅና የሚደረገው ሁሉ በቃል እንዲነገረው ይደረጋል።

መብትና አገልግሎት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በመዝናኛና በስፖርት በእኩልነት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ አካል ጉዳት በራሱ ከመዝናኛ ስፍራ መከልከያ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ በመሄድ ምርመራና እንደ አስፈላጊነቱ የፊዚዮቴራፒ ሪፈራል መጠየቅ ይችላሉ። ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ መናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከልም አካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት የተሃድሶ አገልግሎት በመስጠት ይታወቃል። ስለ ማኅበራዊ ድጋፍ መረጃ የሚፈልጉ ነዋሪዎች በሚኖሩበት አካባቢ ማኅበራዊ ጉዳይን የሚከታተለውን ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ ይመከራል።