የውጭ ዲግሪ በአገር ቤት ኮሌጅ፦ ፈተናውን የሚያርመው ማን ነው?

ቪዛ ሳይጠይቁ፣ ሥራ ሳይለቁ፣ ከቤተሰብ ሳይለዩ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ መያዝ ይቻላል የሚሉ የኮሌጅ ማስታወቂያዎች ብርቅ አይደሉም። የታዋቂው ዩኒቨርሲቲ ስም በትልቁ፣ የሚያስተምረው ኮሌጅ ስም ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል። ክፍያውን የሚሸፍን ወላጅም ሆነ ሠራተኛ የሚቀጥር ድርጅት የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ዲግሪ እዚያው ሄዶ ከተማረ ሰው ዲግሪ ጋር እኩል ነው ወይ? ጥያቄው ከ160 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መልሱም በሁለቱ ተቋማት መካከል ባለው ውል ይወሰናል።

ነገሩ የተጀመረው ለንደን ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1836 ሲቋቋም ራሱ አያስተምርም ነበር። ኮሌጆች ያስተምራሉ፤ እሱ ይፈትናል፣ ዲግሪም ይሰጣል። በ1858 ባገኘው ቻርተር ደግሞ የትም የተማረ ሰው ለፈተናው እንዲቀመጥ ፈቀደ። ይህን አሠራር በመከተል በ1873 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። የዛሬው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ (ዩኒሳ) የዚያ ተቋም ወራሽ ነው፤ በ1946 በፖስታ ማስተማር ጀመረ። ኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ሆነው የተማሩትን የሕግ ዲግሪ በ1989 ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኢባዳን፣ የጎልድ ኮስት፣ የማካሬሬና የካርቱም ኮሌጆች ከለንደን ጋር ልዩ ውል ነበራቸው። ተማሪዎቻቸው አፍሪካ ውስጥ ተምረው የለንደን ዲግሪ ይይዙ ነበር። ኢትዮጵያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በ1950 በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አስተዳዳሪነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ቻርተር አግኝቶ በራሱ ስም ዲግሪ መስጠት ቻለ። የካርቱሙ ኮሌጅ ከለንደን ተላቅቆ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1956 ነበር፤ ማካሬሬ ደግሞ እስከ 1963 ቆይቷል።

ዛሬ “በአጋርነት” በሚለው ቃል ሥር የሚታቀፉት አሠራሮች ቢያንስ ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲው ሥርዓተ ትምህርቱን ይቀርጻል፣ ፈተናውን ያወጣል፣ ያርማል፤ የአገር ቤቱ ኮሌጅ ሥራ ማስጠናት ብቻ ነው። በሁለተኛው ሥርዓተ ትምህርቱ የዩኒቨርሲቲው ሆኖ ማስተማሩም መፈተኑም በአብዛኛው ለኮሌጁ ይሰጣል። በሦስተኛው ኮሌጁ ራሱ የቀረጸውን ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲው መርምሮ ያጸድቅለታል፣ ዲግሪውንም በስሙ ይሰጥለታል።

ለመጀመሪያው ዓይነት ሲንጋፖር ውስጥ በአጋር ተቋም ኢኮኖሚክስ የሚማር ተማሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትምህርቱን በበላይነት የሚመሩት የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ መምህራን ናቸው። የሚሰጠው ዲግሪ ግን የለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲቪው ላይ “የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ምሩቅ” ብሎ የሚጽፍ ሰው ያልያዘውን ማዕረግ እየጻፈ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ቁጥጥር ሲጎድለው ምን እንደሚያስከትል የዌልስ ዩኒቨርሲቲ አሳይቷል። በ1893 የተመሠረተው ይህ አንጋፋ ተቋም በብዙ አገሮች ከመቶ በላይ ኮሌጆች የሚሰጡትን ትምህርት ያጸድቅ ነበር። በ2010 ቢቢሲ ዌልስ የአንድ የማሌዥያ አጋር ኮሌጅ ኃላፊ የያዘው ዶክትሬት ሐሰተኛ መሆኑን አጋለጠ። ነገሩ ተባብሶ ዩኒቨርሲቲው በጥቅምት 2011 የሌሎችን ዲግሪ ማጽደቅ እንደሚያቆም አስታወቀ። ባለሥልጣንም ፖለቲከኛም ተናገረበት፤ የአንጋፋው ተቋም ስምም ጎደፈ። በዚያ ስም የተመረቁ፣ ምንም ጥፋት የሌለባቸው ሰዎችም ወቀሳው ተረፋቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ በርካታ ኢትዮጵያውያንን በማስተርስና በዶክትሬት አስመርቋል። የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ያስተምራል። እዚህ ላይ ውጤቱ እንዴት እንደሚሰላ ማየት ይጠቅማል። ሞጁሉ የሕንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች አስጠኚው የሚያርመው አሳይመንት 30 ከመቶ፣ የማጠቃለያው ፈተና 70 ከመቶ ይይዛል። ስለዚህ አስጠኚው ለጋስም ይሁን ቆንቋና፣ ተማሪው የሚያልፈውም የሚወድቀውም በዋናነት በማጠቃለያው ፈተና ነው።

ፈተናው ከዩኒቨርሲቲው ከመጣና እዚያው ከታረመ፣ አዲስ አበባ የተማረውም ለንደን የተማረውም የተመዘኑት በአንድ እጅ ነው። ማስተማሩም መፈተኑም ለአጋሩ ከተተወ ግን ዲግሪው የሚያወጣው ዋጋ ያ ኮሌጅ የሚያወጣውን ያህል ነው፤ ትልቁ ስም ክፍያውን ከማስወደድ ያለፈ ነገር አይጨምርም።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ኮሌጁን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ፈተናውን ማን ያወጣል? ማን ያርማል? ዲግሪውና ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚሰፍረው የማን ስም ነው? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ አጋርነቱ መኖሩንም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ጽፈው ያረጋግጡ። ፕሮግራሙ ፈቃድ እንዳለውና ዲግሪው አቻ ግምት እንደሚያገኝ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን የሚጠይቁት ደግሞ ከምርቃት በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ይሁን።