ሥራ ለመጀመር መቼ ይደርሳል? የዝግጁነት መስፈርት በአጃይል ሶፍትዌር ቡድኖች

በአጃይል አሠራር የሚመራ የሶፍትዌር ቡድን ሥራውን ስፕሪንት በሚባሉ አጫጭር ዙሮች ከፍሎ ያከናውናል። በየዙሩ መባቻም ወረፋ ከያዙት ሥራዎች መካከል ለመጀመር የደረሰው የትኛው እንደ ሆነ መወሰን ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስክረም መመሪያ በአንድ ስፕሪንት ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ለመመረጥ ዝግጁ ነው ከማለት አያልፍም፤ ስለ ሥራ መጠናቀቅ መስፈርት እንዲኖር ሲያስገድድ ስለ አጀማመሩ ግን አያስገድድም። ብዙ ቡድኖች ይህን ክፍተት በራሳቸው ዝርዝር ይሞሉታል።

የዝርዝሩን ጥቅምና ጉዳት በምሳሌ እንመልከት። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በመራዊ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታቀደና በ12 የመስኖ ክፍሎች የተከፈለ ነው። አንድ ቡድን ገበሬውን የውኃ ተራው ከመድረሱ አስቀድሞ በስልክ መልእክት የሚያስታውስ ፕሮግራም እንዲሠራ ተጠየቀ እንበል። ሥራው በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመዝገብ ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ የሰፈረው በአገራችን አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንዳለ ከተቀበለው ጠዋት 2 ሰዓት ያደርገዋል። ገበሬው ስድስት ሰዓት ቀድሞ፣ ውኃው ገና በጎረቤቱ ማሳ ላይ ሳለ ቦዩ ዘንድ ይገኛል። በበጋ ደግሞ የውኃ ተራ ቀልድ አይደለም።

ይህን ስሕተት ከመዝገቡ የተወሰደ አንድ እውነተኛ ምሳሌ አስቀድሞ ያጋልጠዋል። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ባለተራው ካልመጣ ውኃው ለማን ይተላለፋል? ይህን የመወሰን ሥልጣን የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንጂ የፕሮግራም ጸሐፊው አይደለም። መልሱ ሳይገኝ ሥራው ከተጀመረ የጸሐፊው ግምት ሳይታወቅ የማኅበሩ ደንብ ሆኖ ያርፋል።

በአንጻሩ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተጽፎና ተፈርሞበት እንዲቀርብ የሚጠይቅ ዝርዝር አጃይል ሊያስቀረው ወደ ፈለገው የደረጃ በደረጃ አሠራር ይመልሳል፤ ማይክ ኮንም መስፈርቱ እንዲህ ያለ በር እንዳይሆን አስጠንቅቋል። በእኔ አመለካከት መለያው የጥያቄው ብዛት ሳይሆን የመላሹ ማንነት ነው። የመልእክቱ አጻጻፍም ሆነ የመረጃ ቋቱ አወቃቀር ቡድኑ እየሠራ የሚፈታው ስለ ሆነ ሥራውን አያዘገይም። የሌላ አካል ውሳኔ የሚሻው ግን መቅደም አለበት። ስለዚህ በምሳሌያችን ሥራው ለሁለት ይከፈላል፤ ማስታወሻው የሰዓቱ አቆጣጠር እንደ ተረጋገጠ ይጀመራል፣ የተራ ዝውውሩ ደግሞ ማኅበሩ ተሰብስቦ እስኪወስን በወረፋው ላይ ይቆያል።