በካይሮ የዓባይን ዳር ይዘን የዋልንበት ቀን

ወንዝን በመኪና ተሻግሮ ማለፍና ዳሩን ይዞ በእግር አብሮት መዋል አንድ አይደሉም። እኛ ለተማሪዎቻችን ጂኦግራፊ ስናስተምር ዓባይን ከሰከላ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ድረስ በካርታ ላይ በጣታችን ስንከተለው ብዙ ዘመን ኖረናል፤ ውሃው ከሚደርስበት አገር ቆመን ያየነው ግን የግብፅን ገዳማት ለመሳለም በሄድንበት በታኅሣሥ ወር ነው። ያን ጊዜ አንዱን ቀን ለወንዙ ብቻ ለይተን፥ ዐረብኛ ከሚያውቅ ባልንጀራችን ጋራ፥ በካይሮ ከተማ ከደቡብ ወደ ሰሜን፥ ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ ለመሄድ ቈረጥን።

ከጧቱ በ1 ሰዓት መዓዲ በሚባለው ሰፈር ካለችው ከእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ደረስን። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከዮሴፍ ጋራ ወደ ላይኛው ግብፅ በታንኳ የተሳፈረችው ከዚህ ነው ብለው ቅብጦች ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ይናገራሉ፤ ወደ ወንዙ የሚያወርደውንም የድንጋይ ደረጃ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ መጽሐፍ ቅዱስ በውሃው ላይ ተንሳፎ በዚሁ ዳርቻ እንደ ተገኘ፥ ገጹም ኢሳይያስ ስለ ግብፅ በረከት በተናገረበት በምዕራፍ 19 ላይ ተከፍቶ እንደ ነበረ ነገሩን። እኛም ከደረጃው ወርደን እጃችንን በውሃው አርሰን መንገዳችንን ጀመርን።

ከዚያ ወደ ሰሜን የሚወስደው ኮርኒሽ የሚሉት የወንዝ ዳር ጐዳና ነው። ጐዳናው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ክበባትና ምግብ ቤቶች ዳሩን በአጥር ስለ ያዙት፥ እግረኛ ከወንዙ አጠገብ እየሄደ ወንዙን ሳያይ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ረፋዱ ላይ ከአሮጌው ካይሮ ደረስን። የታወቀችው የተንጠለጠለችው ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው በሮማውያን ምሽግ በር ላይ ነው። በዚያ ዘመን ወንዙ እስከ ምሽጉ ግንብ ይደርስ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ግንቡን በየብስ ላይ ትቶታል።

በትይዩው ወዳለችው ወደ ሮዳ ደሴት በድልድይ ተሻገርን። በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ፥ ኸሊፋ አል ሙተወኪል እ.ኤ.አ. በ861 ያሠራው የዓባይ መለኪያ ይገኛል። ይህም በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ጕድጓድ ሲሆን፥ በመካከሉ በ19 ክንድ የተከፈለ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። የወንዙ ውሃ በሦስት ቦዮች ገብቶ በዓምዱ ላይ ሲወጣ ይለካ ነበር። 16 ክንድ ሲሞላ አገሩ ሁሉ በዓል ያደርጋል፤ ከዚያ እጅግ ሲያንስ ረኃብ ይሆናል፤ የገበሬውም ግብር በዚሁ ልክ ይወሰናል። በክረምት የሚሞላው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነውና፥ ዓምዱ ከሺህ ዓመት በላይ ሲለካ የኖረው የጎጃምንና የበጌምድርን፥ የወሎንና የሸዋን፥ የወለጋንም ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ ከተፈጸመ ወዲህ ወንዙ በካይሮ መሙላቱ ቀርቷል፤ ቦዮቹም ተዘግተው ጕድጓዱ ደርቋል።

ደረጃውን ወጥተን ስናርፍ፥ በዕድሜ የገፉ ዘበኛ ከወዴት እንደ መጣን ጠየቁን። ከሐበሻ አገር ብለን በመለስን ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱን። በዚህ ውሃ ምክንያት በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስንት ክርክር እንዳለ እናውቃለንና፥ የግድቡን ነገር ያነሡብን ይሆናል ብለን ልባችን ፈራ። እርሳቸው ግን፥ «ያለፈው ክረምት ዝናቡ እንዴት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። «በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነበር» አልናቸው። እርሳቸውም እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው በቋንቋቸው አምላክን አመሰገኑ። እኛ በፍርሃታችን አፈርን።

በዚያ ቦታ ተቀምጠን አንድ ነገር አሰብን። የቅብጦች ወሮችና የእኛ ወሮች በቀን በቀኑ ይገጥማሉ። እነርሱ ከሰኔ 12 ቀን ጀምረው የወንዙ ውሃ በልኩ እንዲሞላ በቅዳሴያቸው ይለምናሉ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰኔ 26 ቀን ዘመነ ክረምትን ተቀብላ ስለ ዝናም ትዘምራለች። ላይ ያለው ዝናም ይለምናል፤ ታች ያለው ሙላት ይለምናል፤ የሚለመነው ግን አንድ ውሃ ነው።

ወደ ማታ ከቀስር አል ኒል ድልድይ ደረስን። አራት የነሐስ አንበሶች ድልድዩን ከሁለቱ ወገን ይጠብቃሉ። አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ነፋስ ይቀበላሉ፤ ከበታች ባለ ሸራ ጀልባዎች ያልፋሉ። አንድ ሻጭ በጋሪ ላይ የተቀቀለ ግብጦ ይዞ ቆሞ ነበር። በጎጃም ምሬቱ እንዲለቅ በወንዝ የሚዘፈዘፈውን ግብጦ በዓባይ ዳር ገዝተን በላነው፤ እንግድነታችንም ለጥቂት ጊዜ ተረሳን።

ማደሪያ የለውም እየተባለ የሚተረትበት ዓባይ በየመንገዱ ስንቱን ቤት አብልቶ እንደሚያልፍ በእግራችን ሄደን ተማርን። አንባቢ ሆይ፥ በምትኖርበት ከተማ አንድ ወንዝ ቢኖር ከልጆችህ ጋራ ዳሩን ይዘህ አንድ ቀን ሂድ። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ከታችም ማን እንደሚጠጣው ንገራቸው። ይህን ያወቀ ልጅ በወንዝ ውስጥ ጕድፍ ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም፤ በማያየው ጎረቤቱም ላይ ክፉ አያስብም።