ሞሪሸስ፤ ያጣችውና ያተረፈችው

ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሞሪሸስ የምትባል ደሴት ትገኛለች። ከእሳተ ገሞራ የተገኘች ስለ ሆነች ተራሮችዋ ሾጣጣ ናቸው፤ ዙሪያዋንም የኮራል ዐለት እንደ ቅጥር ከቦአታልና በዳርቻዋ ያለው ባሕር ጸጥ ያለ ነው። ስለዚህም በ2023 ዓ.ም. ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ እንግዶች ጐብኝተዋታል። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ የወደድነው ደሴቲቱ ስላጣችውና ስላተረፈችው ሀብት ነው። የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሆላንድ መርከበኞች በ1598 ዓ.ም. በደረሱ ጊዜ በደሴቲቱ የሚኖር ሰው አልነበረም። እነርሱም በልዑላቸው በሞሪስ ስም ሰየሟት። በዚያም ዶዶ የሚባል፣ መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ አገኙ። ወፉ ጠላት አይቶ ስለማያውቅ ከሰው አይሸሽም ነበር። መርከበኞቹ አደኑት፤ ይልቁንም ከመርከብ የወረዱት አይጦች፣ አሳማዎችና ጦጣዎች ጎጆውን እንዳጠፉበት ሊቃውንት ይናገራሉ። ዶዶ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ ተብሎ የሚታመነው በ1662 ዓ.ም. ነው። ሰባ ዓመት እንኳ አልሞላም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ዛሬ ከእርሱ የቀረው አጥንቱና ሥዕሉ ነው።

ከሆላንዳውያን በኋላ ፈረንሳውያን፣ ከ1810 ዓ.ም. ጀምሮም እንግሊዞች ገዟት። ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት የሚበቅልበት ደን ተመንጥሮ በስፍራው ሸንኮራ አገዳ ተተከለ። በእርሻው የሚደክሙት ከአፍሪካና ከማዳጋስካር በግድ የተወሰዱ ባሮች ነበሩ፤ ያመለጡትም ለ ሞርን በተባለው ገደላማ ተራራ ይሸሸጉ ነበር። ባርነት በ1835 ዓ.ም. ሲሻር ከሕንድ በውል የመጡ ሠራተኞች ተተኩ። ደሴቲቱ በ1968 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። የእነዚህ ሁሉ ልጆች ዛሬ በአንድነት ይኖራሉ፤ ከፈረንሳይኛ በተወለደው በክሪዮል ቋንቋም ይነጋገራሉ። የባሮቹ መሸሸጊያ የነበረው ተራራም በ2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የዶዶ ዕጣ የደሴቲቱን ጭልፊት ሊያገኘው ተቃርቦ ነበር። በ1974 ዓ.ም. በዱር መኖራቸው የታወቀው አራት ብቻ ነበሩ። ባለሙያዎች ግን እንቁላሉን ከጎጆው እያነሡ በማሞቂያ መሣሪያ አስፈለፈሉ፤ ጫጩቶቹንም አሳድገው ወደ ደን ለቀቁ። አሁን ጭልፊቶቹ በመቶ ይቈጠራሉ። እንዲሁም ኢል ኦ ዜግሬት ከምትባለው ትንሽ ደሴት አይጦች ተወግደው የጥንቱ ዛፎች ዳግመኛ ተተከሉባት።

በ2020 ዓ.ም. አንዲት ታላቅ መርከብ ከዚህች ትንሽ ደሴት አጠገብ ከኮራሉ ዐለት ጋር ተጋጭታ 1000 ቶን ያህል ነዳጅ በባሕሩ ላይ አፈሰሰች። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ በብዙ ሺህ ሆኖ ወጣ፤ የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅ ውስጥ እየጠቀጠቀና እየሰፋ ነዳጁን የሚያግድ ረጅም መከላከያ ዘረጋ። ደኑን ያስመነጠረው አገዳ በዚያ ቀን ለባሕሩ ጠባቂ ሆነ።

እንግዲህ ወላጆች የዶዶን ሥዕል ለልጆቻቸው ሲያሳዩ የጭልፊቱንም ታሪክ አያይዘው ይንገሯቸው። ያኛውን ያጠፋ የሰው ቸልተኝነት ነው፤ ይህንንም ያተረፈ የሰው ትጋት ነው።